ስድስት ማኅተም ያረፈባት አረንጓዴ ሳንቃ

አሰላ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለክቡር የአሮጌ ተሳፋሪ ፉርጎዎች እድሳት ጽሕፈት ቤት ዋና ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክረምቱ እንዴት እንደ ከረመልዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚያነሣው ቀኝ እጅዎ እንደምን አሉልኝ? አምላክ ያንን እጅ ከቁርጥማት ይጠብቅልን፤ እሱ የታመመ ቀን አገሩ ምን ይውጠው ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። እኔ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጉልበቴን ከመያዙና ጠዋት ስነሣ እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው ከማጣቴ በቀር፣ ተመስገን ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩበትን ምክንያት፣ እንዳይቀየሙኝ አስቀድሜ ላስረዳ። በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ተመችቷቸው እዚያው ስለ ቀሩ፣ አራተኛውም ተከትሏቸው እንዳይጠፋ ብዬ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ልኬ፣ ሌላውን በአሰላ ፖስታ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰው እየቆመ ያነብበዋል። ደብዳቤዬን የሚያነብ ሰው በዓይኔ ማየቴ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሀብተ ማርያም ቱሳ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ፉርጎ ቀለም ቀቢ ሆኜ ኖሬ፣ በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አሰላ ከተመለስኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አሰላ ባቡር አይደርስም። ስለ ገብስ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብ የሚያጫውተኝ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ፉርጎ ሳወራ ግን ጎረቤቶቼ ለሽበቴ ክብር ሲሉ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል እንጂ የምለውን አያውቁትም። ከዴራና ከናዝሬት በርበሬና ሸቀጥ የሚያመላልሰው ጎረቤቴ ከዲሮ ባቡር ያየ ሰው ስለሆነ ከሁሉም ይሻለኛል፤ እሱም ቢሆን ጭሱንና ጩኸቱን አየ እንጂ ቀለሙን ልብ አላለም። በዚህ ከተማ ፉርጎ ቁጥር ዐሥራ አራትን በመጀመሪያ ቀለሟ ያየናት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዷ ባለቤቴ አልጣሽ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላት።

በግንቦት ወር በክቡርነትዎ ፊርማ የመጣችልኝ ደብዳቤ፣ ይህችው ፉርጎ እንደ ጥንቷ ታድሳ ለሕዝብ ልትታይ መሆኑን፣ የጥንት ቀለሟን የሚያውቅ ሰው እንደ ጠፋ፣ ከቀቢዎቿም በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ እንደ ሆንኩ ገልጻ ትብብሬን በትሕትና ትጠይቅ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያችን ደብዳቤ አራት ጊዜ አነበብኳት። አልጣሽ ከሞተች ወዲህ በስሜ የመጣች የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ናት። ደስ ብሎኝ ፊቴን ታጠብኩ፣ ካፖርቴን ለበስኩ፣ የምሄድበት ስላልነበረኝም መልሼ አወለቅኩት። ስለዚያች ቀን ደስታ ክቡርነትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ ኋላ ከሚመጡት ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ።

ለናሙና የላክሁላችሁ ሳንቃ ምን እንደሆነች ደግሜ ልግለጽ፤ ያን ጊዜ የጻፍኩት ማብራሪያ በማኅተም ሥር ስለ ዋለ ሳይነበብ ቀርቶ ይሆናል። በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. ፉርጎዋን ስቀባ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዘይት ስለ ዘገየብን፣ እናቴ ከአሰላ በቅል የላከችልኝን የተልባ ዘይት ከቀለሙ ዱቄት ጋር ለወስኩበት። እንዲያ ያለ አረንጓዴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ዝናብ ያባራበት የጥድ ቅጠል ይመስል ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ ዘይት ቶሎ አይደርቅም። አለቃዬ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ባይ ሰው ነበርና ፉርጎዋ ሳትደርቅ መንገድ ገባች፤ እኔንም ቀለሙን ጠብቅ ብሎ አብሮ አሳፈረኝ።

ሞጆ ላይ አንዲት የሲሬ ልጅ ከአክስቷ ጋር ተሳፈረች። መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና፣ ቀለሙ እርጥብ ነው ብዬ ለመንገር አፌን ሳልከፍት፣ ክርኗን ወደ ውጭ አውጥታ ከመስኮቱ በታች ባለው ሳንቃ ላይ አሳረፈችው። ስታነሣው ነጠላዋ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሳንቃው ላይ ደግሞ የክርኗ ቅርጽ፣ የነጠላዋ ድርና ማግ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ፣ ታትሞ ቀርቷል። እናቷ የፈተለችው ነጠላ ነበርና እስከ አዋሽ ድረስ አፈር ድሜ አስጋጠችኝ። ከአዋሽ ወዲያ በላምባ ሳስለቅቅላት የአርሲ ሰው መሆኔን ሰማችና ሳቀች። አልጣሽ ያቺ ናት።

ስንመለስ አለቃዬ የተበላሸውን ሳንቃ ፍቀህ ቀባው አለኝ። እኔ ግን ነቅዬ አዲስ ገጠምኩበትና የተበላሸውን ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ሳንቃዋ በሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ትከርማለች፤ መስከረም ሲጠባ አልጣሽ ጋቢውንና ፍራሹን ፀሐይ ስታሰጣ እሷንም አብራ አውጥታ ለሰባት ቀን ግድግዳ ታስደግፋታለች። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲከርም ቢጫ እየለበሰ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ተመልሶ ራሱን ይሆናል። በሰባተኛው ቀን አረንጓዴው ሲመለስ አልጣሽ ክርኗን በምልክቱ ላይ ታሳርፍና፣ አሁንም ልኬ ነው፣ አላረጀሁም ትለኝ ነበር። በመጨረሻው ዓመት በጣም ከስታ ምልክቱ ለክርኗ ሲሰፋባት እንኳ ልኬ ነው ከማለት አልቦዘነችም።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ። የሚከተለውን የነገረኝ ፉርጎዋን የቀባው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ ጉቱ ነው። እሱን እንዳይቆጡት እለምናለሁ፤ ጥሩ ቀቢ ነው፣ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ የነገረኝም አፍሮ፣ መሬት መሬት እያየ ነው።

፩ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። ሳንቃዋን በከዲሮ እጅ ስልካት ሦስት ነገር ብቻ ለምኜ ነበር፤ ቀለም ከመመሳሰሉ በፊት ሰባት ቀን መስኮት አጠገብ ፀሐይ እንድታገኝ፣ የክርኑን ምልክት ማንም እንዳይነካው፣ ሥራው ሲያልቅ እንድትመለስልኝ። ክቡርነትዎ ግን እንዲህ ያለች ውድ ዕቃ መስኮት ላይ ስትውል ብትሰረቅስ ብለው በመሥጋት በብረት ካዝና ውስጥ አስቆልፈው አርባ ቀን አስቀመጧት። ሌባ አልነካትም። ፀሐይም አልነካትም። ፀሐይን ያህል ነገር ካለ ፈቃድ ከቢሮዎ እንዳይገባ ላደረገው ዘበኛ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፪ኛ. ስለ ማኅተም። ሳንቃዋ ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር፣ ስፋቷ ስንዝር ናት። መዝገብ ቤቱ ገቢ ሆኗል ብሎ አንድ መታባት። ማኅተም የሌለው ዕቃ መቀበል አይቻልም ብሎ ሁለተኛው ክፍል አንድ ደገመ። ሦስተኛው መርምሬያለሁ፣ አራተኛው ተስማምቻለሁ፣ የካዝናው ኃላፊ ተረክቤያለሁ እያሉ ሁሉም በተራቸው መቱባት። የቀረችው አንዲት መዳፍ የምታህል ንጹሕ ቦታ ነበረች፤ ክቡርነትዎ ትልቁን ክብ ማኅተም አንሥተው እዚያችው መካከል ላይ አሳረፉና ትክክለኛ የጥንት ቀለም መሆኑን አረጋገጡ። ዘመኔን ሙሉ ቀለም ስቀላቅል ኖሬ፣ ቀለምን አይቶ ሳይሆን ሸፍኖ ማረጋገጥ እንደሚቻል በስተርጅና ስላስተማሩኝ ባለ ዕዳዎ ነኝ።

፫ኛ. ስለ ውጤቱ። ጉቱ ሳንቃዋን ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ በአምፖል ብርሃን፣ ተቆጣጣሪ ቆሞበት እንዲያይ ተፈቀደለት። ይሄ ቢጫ የለበሰው አረንጓዴ ነው የሚመሳሰለው ወይስ ይሄ ሐምራዊው የማኅተም ቀለም ብሎ ቢጠይቅ፣ አለቃ የፈረመበት ነው የሚመሳሰለው ተባለ። እሱም የልጆች አባት ነውና ሁለቱን አቀላቅሎ ቀባ።

ነሐሴ ላይ ከዲሮ ፉርጎዋን ናዝሬት ጣቢያ ባንዲራ ለብሳ አይቷት ተመለሰ። እንዴት ናት ብዬ ብጠይቀው ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በማግስቱ ካፖርቴን ለብሼ፣ በዚህ ጊዜ የምሄድበት ስላለኝ ሳላወልቀው፣ ከዲሮ በሚሄድበት የጭነት መኪና ወረድኩ። የጥሪ ወረቀት ስለሌለኝ ዘበኛው ከገመዱ ወዲህ አቆመኝ፤ ይህችን ፉርጎ የቀባሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል አባባ አለኝ። ክቡርነትዎ ጥንታዊ ውበቷን እንደ ጠበቀች የሚል ንግግር ሲያደርጉ ሰማሁ፤ ድምፅዎ ጥሩ ነው። ፉርጎዋ ቀለም የተደፋበት የጎመን ውሃ መስላ ቆማለች። አጠገቤ የቆመ ሰው ድሮ እንዴት ያለ ሞያ ነበር እያለ አደነቀልኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ዙሪያዬን ባየው፣ ኧረ ይህ አይደለም ብዬ ብናገር አዎ አይደለም የሚለኝ አንድ ሰው አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ አልጣሽን የቀበርን ዕለት እንኳ የሚያለቅስ ሰው ነበረ። ሰው ሲበተን ከፉርጎዋ ኋላ ሄጄ ከጉቱ ጋር የተዋወቅነው ያን ጊዜ ነው።

፬ኛ. ስለ መልስዎ። አንድም መልስ አልደረሰኝም ማለቴ ግፍ እንዳይሆንብኝ፣ በመስከረም አንድ ፖስታ መምጣቱን እመሰክራለሁ። አድራሻው ለሟች አቶ ሀብተ ማርያም ቱሳ ወራሾች ይላል። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሕግ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የወራሽነት ማስረጃ ካላመጣህ አልሰጥህም አለኝ፤ እኔው ሟቹ ነኝ ብዬ ብለምነው ለሟች ማስረከብ ደግሞ የባሰ ነው አለ። ወራሽ ከየት ላምጣ? ልጅ አልሰጠንም። በመጨረሻ ከዲሮ ሁለተኛ ምስክር ይዞ መጥቶ አለመሞቴን አስመዘገበልኝና ፖስታው ተከፈተ፤ ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ላደረገው ትብብር የተሰጠ የምስጋና ወረቀት ነው። ስለ ሳንቃዋ አንድ ቃል የለበትም። ከዲሮ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ኋላ ግን እሱ ወደ ቤቱ ሲገባ ወረቀቱን ይዤ ደጃፌ ላይ ቀረሁ፣ እንግዲህ ምን ያህል ብቸገር ነው አንድ ጽሕፈት ቤት ሙሉ ሰው ሞቷል ብሎ ሲደመድም የሚከራከርለት የበርበሬ ነጋዴ ብቻ የሚሆነው እያልኩ።

፭ኛ. አምስተኛው ምስጋና አይደለም፣ ልመና ነው። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ እንደ ልማዳችን ጋቢውንና ፍራሹን አወጣሁ። ሳጥኑንም ከፈትኩት፤ እጄ ለምዶት ነው። ጨርቁ ብቻ ነው ያለው። የከዲሮ ባለቤት ዙቤዳ እርጎ ይዛልኝ ስትመጣ ባዶውን ግድግዳ ትክ ብዬ ሳየው አገኘችኝና፣ ምን ጠፋብህ አባቴ ብላ አብራኝ ልትፈልግ ጀመረች። ምን ብዬ ልንገራት? በዚያ ሳንቃ ላይ ያለውን የማነብበው እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፉርጎዋን በፈለጋችሁት ቀለም አኑሯት፤ ይታረም ብዬ አላስቸግርም፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ሁሉም ሰው የጥንቱ እንደዚያ ነበር ብሎ ያምናል፣ አለቀ። ማኅተሞቹንም አትጥረጉልኝ፣ ስድስቱንም ችዬ እቀበላቸዋለሁ። የክርኑ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ የማን ማኅተም እንዳረፈ እንኳ አልጠይቅም። የምለምነው ሳንቃዋ እንዳለች እንድትመለስልኝ ብቻ ነው። ሌላ የሚያስታውሰኝ ነገር የላትም አልጣሽ፤ ፎቶግራፍ አልተነሣችም፣ ነጠላዋንም ለብሳው ተቀብራለች።

የእጅዎን ብርታት፣ የማኅተምዎን ቀለም አለመድረቅ፣ የካዝናዎን መቆለፊያ አለመዛግ ዘወትር እየተመኘሁ፣ በአሰላ ከተማ በሕይወት ስለ መኖሬ በሁለት ምስክር የተረጋገጠልኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ ታማኝ ሟችዎ፣

ሀብተ ማርያም ቱሳ
የቀድሞ ፉርጎ ቀቢ

ግልባጭ፦
ለአቶ ከዲሮ፣ ደብዳቤውን ናዝሬት ድረስ ለሚያደርስልኝ
ለጋዜጣ
ለአሰላ ፖስታ ቤት በር

ተጨማሪ፤ ጥቅምት ፲፭ ቀን።

ደብዳቤው ከዲሮ ጋር ወርዶ ገና ለእጅዎ ሳይደርስ፣ ልመናዬ አስቀድሞ ስለ ተፈጸመልኝ ይህችን ለመጨመር ተገደድኩ። ከዲሮ ከናዝሬት ሲመለስ በጽሕፈት ቤትዎ ስም የታሸገ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ሳንቃዋ ናት። ከእሷ ጋር የተያያዘው ወረቀት፣ በናሙናው ላይ የተገኘው የክርን ቅርጽ ያለው ጉድለት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ሳንቃው በትክክለኛው የጥንት ቀለም ታድሶ ለባለቤቱ መመለሱን ይገልጻል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እንደ መስተዋት ለስልሷል። ሰባተኛ ማኅተምም አለበት። ከዲሮ አጠገቤ ቁጭ አለ፣ የበርበሬ ዋጋም አላነሣም።

እኔ ግን ቀቢ ነኝና ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሳንቃዋ ከጎረቤቷ ሳንቃ ጋር የምትገጥምበት ጠባብ ቦይ ውስጥ፣ የሰዎችዎ ብርጭቆ ወረቀት ያልደረሰበት፣ የጥፍር ጠርዝ የምታህል የጥንቷ አረንጓዴ ተርፋለች። ደጃፌ ላይ ፀሐይ አስጥቻታለሁ፤ በሰባተኛው ቀን ትመለሳለች። እውነተኛውን ቀለም ማየት የሚሹ ከሆነ ወደ አሰላ ይምጡ፣ በየትኛው ጠርዝ እንዳለች በደስታ አሳይዎታለሁ፤ ማኅተሙን ብቻ እቤት ይተዉት። ለብቻዬ ከማያት ክቡርነትዎም ቢሆኑ ይሻሉኛል።

ቀለሙን እንግዲህ አገኘሁት። ክርኗን ግን ሳንቃውን ሙሉ ብዳብስ አጣሁት። ሳንቃዋ የተፋቀችበትን ክፍል የምትጠርገውን ሴት ይጠይቁልኝ፤ ከወለሉ ላይ የጠረገችው አረንጓዴ ብናኝ ካልተደፋ፣ እባክዎ ማኅተም ሳይመቱበት ይላኩልኝ።